አጥር፣ በርና ድንበር፦ ዓለም ባንክ ላይ የጋራችን የሆነው ቦታ የት ይጀምራል?

ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዞ «ዓለም ባንክ» ሲባል የወረደ እንግዳ ዞር ዞር ብሎ የሚፈልገው ባንክ ነው። የሀገር ውስጥ ባንኮች ቅርንጫፍ ሞልቷል፤ የዓለም ባንክ የሚባለው ግን እዚህ ቢሮ የለውም። እንግዳው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከባንኩ ይልቅ የሚያገኘው አጥር ነው። በግራ ብሎኬት፣ በቀኝ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊት የላሜራ በር። ቀና ሲል የጠርሙስ ስባሪ፣ አለዚያም የተጠቀለለ እሾሃማ ሽቦ። ሰው የሚኖርበት ቤት የሚታየው ከጣሪያው ነው።

ዛሬ ስለዚህ አጥር ነው የምንጽፍላችሁ። አጥር ስንል ግንቡን ብቻ አይደለም፤ በመንደር መግቢያ ላይ የሚተከለውን የብረት በር፣ የባቡሩን ዳርቻ ብረት፣ ለዓመታት ታጥሮ የሚቀመጠውን ባዶ መሬት ጭምር ነው። ሁሉም አንድ ነገር ይወስናሉ፦ እግራችሁ የት ድረስ እንደሚሄድ።

ከቤቱ በፊት ችካሉ

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተደገፈ የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ነው። በዚያን ጊዜ ባንኩ በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚደግፈው አሠራር ነበር፤ መንግሥት የተጠናቀቀ ቤት አያስረክብም። መሬቱን ይሸነሽናል፣ መንገድ ያወጣል፣ ውሃና መሰል አገልግሎት ያስገባል፤ ቤቱን ነዋሪው እንደ አቅሙ ይሠራዋል።

ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ? በእንዲህ ያለ ሰፈር ከቤቱ የቀደመው ድንበሩ ነው። መጀመሪያ ችካል ተቸከለ፣ ቀጥሎ ገመድ ተሳበ፣ ከዚያ ነው ጭቃም ሆነ ብሎኬት የመጣው። መንገዱም በዚያው ቀን በወረቀት ላይ የተሰመረ ነው። እናም ዛሬ አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጠቦ ስናገኘው «ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ክንድ ገፍቶታል።

የቦታውን ስፋት በተመለከተም ወሳኙ ሕግ በዚያው ዘመን የወጣው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬ 500 ካሬ ያለው ሰው ሀብታም ነው የምንለው፤ ያኔ ግን 500 ጣሪያ የሆነው ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ካሬ የሚያጥር ስለነበረ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ከአጥር ነው የተወለደችው

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የአውሮፓ ከተሞች እንዳላቸው ዓይነት የከተማ ቅጥር አልነበራትም። ነገር ግን በውስጧ ብዙ ቅጥሮች ነበሯት። ትልቁ የምኒልክ ግቢ ነው። ከሱ ዙሪያ በየኮረብታው ላይ የመኳንንቱ ግቢ፣ በየግቢው ዙሪያ ደግሞ የተከታዮቻቸው ጎጆ። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ቅሪት ናቸው። «ሰፈር» የሚለው ቃልም የጦር ሠራዊት ከሚሰፍርበት ነው የመጣው።

በግቢና በግቢ መሃል የነበረው ሜዳ የማንም አልነበረም፤ ስለዚህም የሁሉም ነበር። ገበያው፣ መንገዱ፣ ባሕረ ጥምቀቱ እዚያ ላይ ዋለ። ቀስ በቀስ ያ ባዶ ቦታ በቤት ተሞላ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ያወጡት የመሬት ደንብ ቦታን በግል መያዝን ሕጋዊ ሲያደርግ ድንበር ወረቀት ላይ መስፈር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማዋ ታሪክ፣ በእኛ እይታ፣ በአብዛኛው ያ የመሃል ሜዳ እየጠበበ የመጣበት ታሪክ ነው።

የ1967ቱ አዋጅ አንድ ያልታሰበ ነገር አድርጓል። የባለጸጋው ግቢ ተወርሶ ሰርቪሱ ለአንዱ፣ ጋራዡ ለሌላው፣ ትልቁ ቤት ለአራት አባወራ ሲታደል አጥሩ ከውጭ እንዳለ ቆመ፤ ውስጡ ግን መንደር ሆነ። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። የቀበሌ ቤት ልጅ የሆነ ሰው ይሄን አይረሳውም። በፒያሳና በካዛንቺስ የፈረሱት መንደሮች ብዙዎቹ እንደዚህ ዓይነት ነበሩ። የተነሺዎቹን ቅሬታ ስንሰማ ከቤቱ ጥበትና ስፋት በላይ ደጋግሞ የሚነሳው ግቢው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግቢ የለም።

ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምር በብሎኮቹ መሃል ክፍት ቦታና ለቡና፣ ለበርበሬ፣ ለበግ ዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቦለት ነበር። ነዋሪው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ብሎክ ከብሎክ ተጣጠረ። ለልጆች መጫወቻ የተባለው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆነ።

አጥሩ የተሠራበት ነገር ይናገራል

ድሮ አጥር በአብዛኛው ሕይወት ያለው ነበር። ቅንጨብ፣ ቁልቋል፣ ኮሺም፣ ጽድ። ኮሺም እሾኹ ሌባ ይከለክላል፣ ፍሬው ልጅ ይጠራል። የጭራሮ አጥር ደግሞ አጥር ከመባሉ በቀር ነገሩ ሁሉ ይታይበታል፤ ጎረቤት ምን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ከመቀመጫ መነሳት አያስፈልግም።

ቡና የሚጠራው በዚያ አጥር ላይ ነበር። እሳት ያለቀበት ፍም የሚቀበለው፣ ሽንኩርት ያነሰበት የሚበደረው፣ ልጅ የጠፋባት እናት የምትጣራው በአጥሩ ነው። በሁለት ግቢ መሃል ብዙ ጊዜ ማሾለኪያ አለ። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጣሉ ማሾለኪያው ይደፈናል፣ ሲታረቁ ይከፈታል። (እኛ የምናውቀው አንድ ማሾለኪያ አለ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደፍኗል።)

ቆርቆሮ ሲመጣ ዓይን ተከለለ፣ ድምፅ ግን ቀረ። ብሎኬቱ ድምፁንም ወሰደው። ሁለት ሜትር ተኩል ከተገነባ፣ ከላይ ሽቦ ከተጠመዘዘበት በኋላ ጎረቤትን ቡና መጥራት በስልክ ሆነ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሌብነት አለ፣ ንብረቱ ደግሞ ጨምሯል፤ ግቢው ውስጥ የቆመ መኪና ያለው ሰው በጭራሮ አጥር አይተኛም። ግን መንገዱ ላይ ቆማችሁ ብታዩት ውጤቱ ይገባችኋል፤ ሁለት መቶ ሜትር ሙሉ መስኮት የሌለው ግድግዳ። በዚያ ግድግዳ መሃል በምሽት የምትሄድ ሴት ብትጮህ የሚያይላት የለም። አሜሪካዊቷ ጄን ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው ስለ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ የተከራከረችው ይሄንኑ ነው፤ መንገድን የሚጠብቀው ከፖሊስ በፊት ወደ መንገድ የሚያይ ዓይን ነው። እኛ ሰፈር ያ ዓይን የባለ ሱቁ፣ የጉሊቷ እናትና የሊስትሮው ልጅ ነው። ሦስቱም ያሉት አጥሩ ክፍተት ባገኘበት ቦታ ብቻ ነው።

ድንበር መግፋት

ገጠር ውስጥ ድንበር ገፊ መባል ከባድ ስድብ ነው። ከተማ ላይ ግን ነገሩ ለስለስ ብሎ ይመጣል። ቆርቆሮው አርጅቶ በብሎኬት ሲቀየር መሠረቱ ከድሮው መስመር ትንሽ ወጣ ይላል። ከበሩ ፊት መኪና መውጫ ተብሎ ሊሾ ይደረጋል። ቀጥሎ አበባ ይተከላል፣ አበባውን ፍየል እንዳይበላው ትንሽ ሽቦ ይታጠራል፣ ሽቦው በሚቀጥለው ዓመት ግንብ ይሆናል። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤትም አይቶ ዝም አይልም፤ በእሱም በኩል ይመጣል። ስድስት ሜትር የነበረ መንገድ አራት ይሆናል።

ማን ነው የተጎዳው? በአዘቦቱ ቀን ማንም። የሚታወቀው ለቅሶ ሲደርስ ነው። ድንኳን የሚተከለው መንገድ ላይ ነዋ! ግቢው አይበቃም። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ወንበር ሲደረደር አንድ ሰው በጎን ማለፍ የሚችልበት ቦታ መቅረት ነበረበት፤ አሁን አይቀርም። ውሃ ቦቴ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና፣ እነዚህ ሁሉ ስፋት ይፈልጋሉ።

ሕጉን እንንገራችሁ፤ ይህን ክፍል ብታስቀምጡት ይጠቅማችኋል። እስከ ዛሬ የምንሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1446 መንገድና ጎዳናን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል። በአንቀጽ 1454 እና 1455 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት ለሌላ እንደማይተላለፍ፣ በይዞታ ብዛት የግል እንደማይሆን ይደነግጋል። በአማርኛ ሲተረጎም፦ «ሃያ ዓመት አጥሬ ኖሬያለሁ» የሚለው ክርክር መንገድ ላይ አይሠራም።

የግል ይዞታ ከሆነ የተነካው ነገሩ ሌላ ነው። ጎረቤት አጥር ገፍቶ ግቢያችሁ የገባ እንደሆነ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ አለ፤ አንቀጽ 1149። ይሄኛው ግን ጊዜ አለው፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ክሱ ይታገዳል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። በይሉኝታ ዝም ይላል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌው በዓል እስኪያልፍ ይላል፣ ሁለተኛው ዓመት ይሞላል። እርቁ ይቅደም፤ የቀን ቆጠራውን ግን አትርሱ።

መንደሩ በር ሲያወጣ

ወደ ራሳችን መንደር እንምጣ። የዛሬን ጽሑፍ ያስጻፈን እሱ ነው።

በዓለም ባንክና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች የውስጥ ለውስጥ መንገዱ መግቢያ ላይ የብረት በር የሌለው መንደር እየቀነሰ ነው። አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮብልስቶን ለማንጠፍ ገንዘብ ይዋጣል፤ መንግሥት ግማሽ፣ ነዋሪ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ የተረፈ ገንዘብ አለ፣ ኮሚቴውም አልፈረሰም። አንድ ቤት ይሰረቃል። በሚቀጥለው እሑድ በር ይሠራ ይባላል።

እኛም እሑዱ ላይ ነበርን። አንዋሽም፤ እጃችንን አውጥተናል፣ ብራችንንም ከፍለናል። በሩ ተሠራ፣ ዘበኛ ተቀጠረ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይቆለፍ ተባለ። ሌብነቱም በእርግጥ ቀነሰ፤ ቢያንስ በእኛ መንደር። የጎን መንደሩ ግን በወሩ እሱም በር አወጣ፤ ከእኛ የተባረረው ሌባ የሄደው ወደዚያ ስለሆነ ይመስለናል።

መጀመሪያ የተነኩት ከእኛ መንደር ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። በመንደራችን አቋርጠው ወደ ታክሲ ይወጡ የነበሩ የታችኛው ሰፈር ሠራተኞች በምሽት መዞር ግድ ሆነባቸው። እነሱ በእሑዱ ስብሰባ ላይ አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም፤ እኛም ይጠሩ አላልንም።

ቀጥሎ የተነካነው እኛው ነን። አንድ ሌሊት፣ ከለሊቱ 7 ሰዓት አልፏል፣ በመንደራችን ያሉ አንድ አባት ታመሙ። መኪና ተገኝቶ መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ። ዘበኛው የለም። ቁልፉ ያለው ኮሚቴው ሰው ጋ ነው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ስንጠራ፣ ስናንኳኳ ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ ትንሹ የእግረኛ በር ተገንጥሎ ሰውየውን በጋቢ ይዘን ወደ መኪናው አወጣናቸው። ዛሬ ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ግን የዚያን ለሊት በሩን የያዝንበት ብረት ቅዝቃዜ እስካሁን እጃችን ላይ አለ።

በጥያቄ መልክ እናስቀምጠው፦ የመንደር በር ሕጋዊ ነው? ከላይ ያልነውን አስታውሱ። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ በነዋሪ መዋጮ ኮብልስቶን ስለተነጠፈበት የነዋሪው አይሆንም። ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ «ወረዳ ያውቀዋል» ይላሉ። ማወቅና መፍቀድ ግን ለየቅል ነው። ፈቃድ ካለ ወረቀት አለው፤ ወረቀቱን ማየት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ችግር ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። ጆሃንስበርግ ውስጥ ነዋሪዎች በወንጀል ተማረው መንገዶችን በበርና በኬላ መዝጋት ሲያበዙ፣ ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1998 ሕግ አወጣ። ነዋሪዎች ማመልከት አለባቸው፣ የሌላው ሰው ተቃውሞ ይሰማል፣ ፈቃዱም የጊዜ ገደብ አለው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ሰው ማለፍን ፈጽሞ መከልከል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ፍጹም መፍትሔ ሆኖላቸዋል አንልም፤ ክርክሩ እስካሁን አለ። ነገር ግን «የተቃወመ ይናገር» የሚል ደረጃ መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ይጠሩ ነበር።

ትልልቆቹ አጥሮች

ከዓለም ባንክ ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው የቀለበት መንገዱን ማቋረጡ አይቀርም። በ1990ዎቹ የተሠራው ይህ መንገድ ለመኪናው ፈጣን ነው፤ ለእግረኛው ግን መሃሉ ላይ የኮንክሪት መከፋፈያ ያለው ወንዝ ነው። ድልድዩ ሩቅ ሲሆን ሰው ግንቡን ይዘላል። «ደንብ አያከብርም» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ሸክም ተሸክሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ያንኑ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንዲመለስ ማን እንዳዘዘው ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡርም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነስቶ ለእኛ ቅርብ በሆነው ጦር ኃይሎች ያበቃል። ባቡሩ በድልድይ ከፍ ባለበት ቦታ ከሥሩ ሰው ያልፋል፤ መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ግን አጥሩ መንገዱን ለሁለት ሰንጥቆታል። ፊት ለፊት የነበሩ ሱቆች ደንበኛቸውን ተካፈሉ። ወዲያ ማዶ የሚባል ነገር መጣ።

ሌላው ባዶ መሬት ነው። «አጥሮ ማስቀመጥ» የሚለው አነጋገር አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው፤ ለግንባታ ቦታ ወስዶ፣ በቆርቆሮ ከልሎ፣ ዓመት ማስቆጠር። ፒያሳ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ታስታውሳላችሁ፤ በቆርቆሮ አጥሩ ስር እያለፍን ነው ያደግነው። ዛሬ እዚያ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፤ የካቲት 2016 ተመረቀ። በየክፍለ ከተማው ግን እንደዚያ ያልተከፈቱ አሉ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አንድ ጠዋት ቆርቆሮ ለብሶ ይገኛል፤ ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ውስጡ ሣር ብቻ ይበቅላል።

የተከፈቱም አሉ፤ ፍትሐዊ እንሁን። ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረው የቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። መጀመሪያ የተባለው መደበኛ የመግቢያ ዋጋ 200 ብር ነበር። ያኔ አምስት ቤተሰብ ያለው ሰው 1,000 ብር ይዞ ነው የሚገባው። በሩ ተከፈተ፤ ደፍ ግን አለው።

በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ግንቦችን እያፈረሰ በሚያሳልፍ የብረት አጥር እየተካ ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ስንሄድበት ደስ ይለናል። ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ለመንገደኛውም ሆነ። ሁለት ነገር ግን እናያለን። አንደኛ፣ ማየትና መግባት ይለያያሉ፤ ሣሩ ይታያል እንጂ አይቀመጡበትም። ሁለተኛ፣ በሰፋው መንገድ ላይ ጉሊት የነበራት እናት የለችም። የማይታይ አጥር ነው የተሠራባት።

ለንደን ላይ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባለጸጎች ቤት መሃል ያሉ የአትክልት ስፍራዎች የብረት አጥር ለጦር መሣሪያ ይሆናል ተብሎ እየተነቀለ ተወሰደ። በድንገት ሕዝቡ እነዚያ አትክልቶች ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በእንጨትም ቢሆን መልሰው ማጠር ጀመሩ። ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል ያኔ በጋዜጣ ላይ ተቃውሞ ጽፎ ነበር።

የእኛ መንደር በር እንዳለ ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የቁልፉ ቁጥር ወደ አራት ከፍ ብሏል፤ አንዱ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ባለ ሱቅ ጋ ነው። ትንሹ የእግረኛ በር ማታም እንዳይቆለፍ ሐሳብ አቅርበናል። ኮሚቴው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጥሮታል፤ ከእድር ስብሰባ በኋላ፣ 5 ሰዓት ላይ። በዚህ ጊዜ የታችኛው ሰፈር ሰዎችም እንዲመጡ ነግረናቸዋል።